ከቀለሙ ሥር የቀረ ውሃ፦ የአንዲት 1965 ቮልስ ቦዲ ለቀለም ሲዘጋጅ

ይህ ጽሑፍ በ2010 ዓ.ም ከጥር 14 እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አነስተኛ ጋራዥ፣ በአንዲት ቮልስ ላይ የተሠራውን የቦዲ ዝግጅት የሚመለከት ነው። ሥራውን የመራሁት እኔ ስሆን፣ አብረውኝ አንድ አንጋፋ የባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና ላሜራ የማቃናት) ባለሙያና አንድ ወጣት ቀለም ቀቢ ነበሩ። የመኪናዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ሙያቸውን የጠቀስሁት ለትውውቅ ያህል ሳይሆን፣ ኋላ ላይ በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ድርሻ ስለነበረው ነው።

ባለቤቱ መኪናዋን ያመጡት ለቀላል ነገር ነበር። በ2006 ዓ.ም በሌላ ከተማ ነጭ ተቀብታ ነበር፤ አንድ ክረምት እንዳለፈ ከበሮቿ ግርጌና ከኋላ ፓራፋንጎዎቿ (የጎማ መሸፈኛ ላሜራዎቿ) ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ወጡባት፤ በአራተኛው ዓመት እብጠቶቹ እርስ በርሳቸው ተገናኝተው፣ ቀለሙ በጥፍር ሲነኩት እየተላጠ ይወድቅ ጀመር። «ቀለሙ ተመሳስሎ የተሠራ ነው፤ እናንተ ደህና ቀለም አምጡና ላዩን ፈግፍጋችሁ ቀቡልኝ፤ ለፋሲካ ልጆቼ ሲመጡ በእሷ ልቀበላቸው» ነበር ያሉን። ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 30 ይውል ስለነበር ከሁለት ወር በላይ ጊዜ ነበረን፤ ላዩን ፈግፍጎ ለመቀባት ደግሞ አንድ ሳምንት ይበቃል።

የመኪናዋ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መሃል ከፍ ብሎ በሚሄደው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ በ115 ይጀምራል። 11 የመኪናውን ዓይነት፣ 5 ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል መሆኑን ያሳያል፤ መስኮቶቹ ከቀደሙት ሰፋ ያሉት ያ ሞዴል ማለት ነው። ዕድሜዋን በቁጥር ማረጋገጥ ያስፈለገን ለወግ ብቻ አልነበረም። የዚያ ዘመን ቮልስ ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ደግሞ እንደ ገመድ የሚሄድ ቀጭን ጎማ አለ። ቀደም ብሎ የቀባት ሰው ፓራፋንጎዎቹን እንዳልፈታ የታወቀውም ከዚሁ ጎማ ነው፤ ጎማው ራሱ ነጭ ተቀብቶ ነበርና።

የምርመራው ቀን

ጥፋቱ የቀለሙ እንዳልሆነ ለመጠርጠር መኪናዋን አንዴ መዞር በቂ ነበር። ጣሪያዋ፣ የፊት ኮፈኗና የበሮቿ የላይኛው ግማሽ በዚያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ጣሳ በተቀዳ ቀለም ተቀብተው ሳለ አንድም እብጠት አልወጣባቸውም። ቀለሙ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ መበላሸት የነበረበት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ጣሪያ ነበር።

የባትላሜራ ባለሙያው ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጣሪያው ጀመረ። ማግኔቱ ጣሪያው ላይ ጥብቅ ብሎ ተያዘ፤ በበሩ ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲያወርደው ግን ከግርጌው አንድ ስንዝር ሲቀረው ላላ፣ ትንሽ ተንሸራተተና ከእጁ ላይ ወደቀ። ማግኔት የሚይዘው ብረትን እንጂ ስቱኮን፣ ማለትም የላሜራ ጉድጓድ የሚሞላበትን ሊጥ መሰል መለጠፊያ አይደለም፤ ባለሙያው ማግኔቱ በወደቀ ቁጥር ቦታውን በጠመኔ ይከብበው ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶ ሲጨርስ፣ የጠመኔው ክቦችና እብጠቶቹ ያሉበት ቦታ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ከክቦቹ ውጭ አንድም እብጠት አልነበረም። ባለቤቱም ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው «ስለዚህ ችግሩ ስቱኮው ባለበት ብቻ ነዋ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የቀረው ስቱኮው ምን እንደሆነ ማየት ነበር። በግራው የኋላ ፓራፋንጎ ላይ መሮ ስናስገባ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስቱኮ እንደ ቂጣ ቁራሽ ተነሳ። ስቱኮ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መደረብ የለበትም፤ ከዚያ የሚበልጥ ጉድጓድ በመዶሻ እንጂ በስቱኮ አይሞላም። ቁራሹን ገልብጠን ስናየው የብረቱ ዝገት እንደ ማኅተም ታትሞበት ነበር። በስቱኮውና በላሜራው መካከል አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የሚባል ነገር አልነበረም።

ውፍረቱ ግን ስንጥቅን እንጂ እብጠትን አያስረዳም። ስለዚህ የቁራሹን ፊት በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ አጽድቼ በጣቴ አንድ የውሃ ጠብታ አኖርሁበት፤ ሌላ ጠብታ ደግሞ ቀለሙ ባልተነካው ኮፈን ላይ አደረግሁ። የኮፈኑ ጠብታ እንደ ዶቃ ክብ ብላ ቆየች። በስቱኮው ላይ ያለችው ግን ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ሰርጋ፣ ጠቆር ያለ ክብ ብቻ ትታ ጠፋች። የመኪና ስቱኮ በፖሊስተር ሙጫ የተለወሰ የታልክ ዱቄት በመሆኑ፣ ላዩ ከተፈገፈገ በኋላ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ውሃ ይጠጣል። ውሃውን እንደያዘ ቀለም ሲደረብበት መውጫ ያጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ተንኖ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ደግሞ ያለ ምንም መከላከያ የተቀመጠውን ላሜራ ያዝጋል።

ባለቤቱን ያን ጊዜ እንዴት እንደተፈገፈገ ጠየቅኋቸው። «ባልዲ አስቀምጦ፣ የውሃ ጎማ ዘርግቶ እያጠበ ሲፈገፍግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዲያውም ጥንቃቄው ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ወጣቱ ቀለም ቀቢ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እኛም እኮ እንዲሁ ነው የምናደርገው። አቧራው አይነሳም፣ ወረቀቱም ይበረክታል» አላቸው።

እውነቱን ነው። ስቱኮን በውሃ መፈግፈግ የአንድ ጋራዥ ጥፋት ሳይሆን ብዙዎቻችን እጃችን ላይ የያዝነው ልማድ ነው፤ እኔም ሙያውን የተማርሁት በባልዲ ነው። ልማዱ የመጣው በውሃ መፈግፈግ ከሚችለው የላይኛው ቀለም ይመስለኛል፤ ለመጨረሻው ቀለም የሚጠቅመው ዘዴ ያለ ልዩነት ወደ ስቱኮው ወረደ።

ምን ያህሉ ይፋቅ?

ለባለቤቱ የነገርናቸው ሁለት ነገር ነበር፦ ለፋሲካ አትደርስም፤ ስቱኮ ያለበት ሁሉ እስከ ላሜራው ይፋቃል። ሁለተኛውን ወዲያው ተቀበሉ፤ የመጀመሪያውን ለመቀበል ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ጣሪያውን፣ የፊት ኮፈኑንና የበሮቹን የላይኛው ክፍል ግን እስከ ብረት እንዳንወርድ ወሰንሁ። ከነጩ ቀለም ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር የፋብሪካው ሰማያዊ ነበር፤ ሰማያዊው ከብረቱ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ያልለቀቀ መሠረት እኛ ጋራዥ ውስጥ ከምንሠራው ማንኛውም መሠረት ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ፤ ሁሉንም አራቁቶ መጀመር ነው ትክክለኛው የሚሉ ባለሙያዎች እንዳሉ ባውቅም በዚህ አልስማማም።

ቦዲውን ከሻንሲው ማንሳትም ተነስቶ ነበር። የቮልስ ቦዲ በብሎኖች ስለሚታሰር መነሳቱ ይቻላል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ጎማ ሲነሳ መቀየር ያለበት በመሆኑና አዲሱን ማግኘት ስላልቻልን ተውነው።

ፓራፋንጎዎቹን መፍታት ያሰብነውን ያህል ቀላል አልሆነም። ብሎኖቹ በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ሲሆኑ፣ ቦዲው ውስጥ ከተበየዱ ዳዶዎች ጋር ዝገት አዋህዷቸዋል። ናፍጣ እያጠጣን ሌሊቱን አሳድረን ብንፈታቸውም አራቱ ተሰበሩ፤ እነሱን በትሬፓን በስቶ ጥርስ ማውጣት ሁለት ቀን ወሰደ። ናፍጣው ራሱ ሌላ ሥራ ጨመረብን፤ ቅባት የነካው ብረት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መሠረት) ስለማይዝ እያንዳንዱን ቀዳዳ በቲነርና በንጹሕ ጨርቅ ደጋግመን አጸዳን። ከፓራፋንጎዎቹ ጀርባ የወጣው ጭቃ ደርቆ እንደ ጡብ ጠንክሮ ነበር፤ የክረምት ውሃ እንደ ድስት ክዳን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው።

ከበሮቹ ሥር ያለው ቱቦ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርስ ሲሆን፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዝግ በመሆኑ ላዩ ደህና መስሎ ሳለ ውስጡ ያልቃል። የግራው ቱቦ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሲነካ ገባ። የተበላው ተቆርጦ በ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተተካ። ብየዳው በተከታታይ መስመር ሳይሆን ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ በየነጥቡ መካከል በእርጥብ ጨርቅ እየቀዘቀዘ ነበር የተሠራው፤ ስስ ላሜራ በአንድ ጊዜ ከጋለ ይጎብጣል፣ የጎበጠውን ደግሞ ሰው በስቱኮ ይሸፍነዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 9 ሚሊ ሜትር ይደረሳል። በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለልም በአሲድ ተበልቶ ስለነበር እንዲሁ ተጠገነ።

አሲዱ

በቀኙ የኋላ መስኮት ሥር ያለው ሰፊ ላሜራ አልተበሳም፤ ነገር ግን ብርጭቆ ወረቀት የማይደርስባቸው ጥቃቅን የዝገት ጉድጓዶች ነበሩበት። እዚህ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ተጠቀምን። አሲዱ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ላሜራው ግራጫ ይሆናል። ትልቁ ጥንቃቄ ከዚያ በኋላ ነው፤ የቀረው አሲድ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ኢፖክሲው (በራቁት ብረት ላይ የሚረጨው የመጀመሪያ መከላከያ) ከሥሩ አይጠነክርም፣ አይጣበቅም። በዚያ ዕለት የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ከበርሜል በተቀዳ ሁለት ባልዲ ታጥቦ በኮምፕሬሰር አየር ደረቀ፤ ቀኑ እየመሸ ስለነበር፣ የታጠበ ራቁት ብረት ደግሞ በአንድ ሌሊት ብናኝ ዝገት ስለሚያወጣ፣ ኢፖክሲውን በዚያው ምሽት ረጨነው።

በማግሥቱ ባለቤቱ መጡ። አሲድ መጠቀማችንን ሲሰሙ ከኮታቸው ኪስ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት አወጡ፤ ከድሮ ቤተ ሙከራቸው የተረፈ ነው። «ልጄ፣ አሲድ ታጠበ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። እርጥቡ ላይ አስነካው፤ ቀይ ካልሆነ አልቋል» አሉኝ። በቀሩት ቦታዎች ላይ በዚህ ሠራን፤ በአንድ በር ግርጌ ላይ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ቀልቶ በሦስተኛው እጥበት ነው ሰማያዊ እንደሆነ የቀረው። የቀኙ የኋላ ላሜራ ግን ተዘግቶ ነበር። ይፋቅ አልሁ፤ ቆየት ብዬ ደግሞ ተውኩት። ኢፖክሲው በጥፍር ሲሞከር ጠንካራ ነበር፤ እንደገና ማራቆት አራት ቀን ይወስድ ነበር።

ስቱኮ በደረቁ

ራቁቱን ላሜራ በ80 ቁጥር ወረቀት ጭረት አስይዘን ነበር ኢፖክሲ የረጨነው። በሽቦ ብሩሽ ብቻ የተወለወለ ብረት ያምራል እንጂ ቀለም የሚነክስበት ጥርስ የለውም። ጎንደር በየካቲት ቀኑ ሞቃት ነው፤ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል፣ ኢፖክሲ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች መድረቁ በጣም ስለሚዘገይ ርጭቱን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ እናደርግ ነበር። ያ የአሲዱ ምሽት ከዚህ ደንብ የወጣንበት ብቸኛው ቀን ነው።

ስቱኮው የተደረበው በኢፖክሲው ላይ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ቢያገኘው እንኳ ወደ ብረቱ አይደርስም። ልኩን ወጣቱ በቀላሉ እንዲይዘው፣ እንቁላል ለሚያህል ስቱኮ ባቄላ የሚያህል ሃርድነር (ማጠንከሪያ) አልሁት፤ በክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሃርድነር ማብዛት የተለመደ ነው፤ ትርፉ ኬሚካል ግን ወራት ቆይቶ የላይኛውን ቀለም ያወይበዋል። መለወሻውም ከካርቶን ወደ መስታወት ቁራጭ ተቀየረ፤ ካርቶን ሙጫውን ይጠጣል፣ ብናኙንም ይሰጣል።

በደረቁ መፈግፈጉ የጋራዡን ሰው ሁሉ አስመርሯል። ነጭ አቧራው ቡና ላይ ሳይቀር ይሰፍር ነበርና በሸራ የተከለለ ቦታ ሠራን፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችልም ያለ አፍ መሸፈኛ እንዳይገባ ተከለከለ። ወረቀቱ ከ80 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 180 ሄደ፤ ሁልጊዜም በረጅም እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ነበር፤ በባዶ እጅ የተፈገፈገ ስቱኮ የጣቶቹን ቅርጽ ይይዛልና። አንጋፋው ባለሙያ ልስላሴውን የሚለካው በዓይኑ አልነበረም። ስስ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ከበሩ ፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ፓራፋንጎ ድረስ ሳያነሳ ይስባል፤ ድንገት ይቆምና በጠመኔ አጭር መስመር ያሰምራል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ጎንበስ ብዬ ብርሃን አጋድሜ ባየው ምንም አይታየኝም ነበር። የመጨረሻው ፕራይመር ተረጭቶ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጉም ተነስንሶ በ320 ሲፈገፈግ ግን ጥቁሩ ሳይነሳ የቀረው እሱ ባሰመረበት ነበር።

ይህ ሃርድነር የሚጨመርበት ፕራይመር ሲረጭ የሚያወጣው አይሶሳያኔት ሳንባን በቋሚነት የሚጎዳ ነው፤ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ አያግደውም፣ ቢያንስ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። ለወጣቱ ያለኝ ትልቁ ጭቅጭቅ በዚህ ላይ ነበር።

ፕራይመሩ በመጀመሪያው ቀን ተበላሸብን። በግራው በር ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ብዙ ጉድጓዶች ወጡ። ምክንያቱን ከኮምፕሬሰሩ ፈለግን። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ከጋለ አየር ጋርም እንፋሎት ወደ ቱቦው ያልፋል። ከታንከሩ ሥር ያለውን ቧንቧ ስንከፍት በእርግጥ ውሃ ወጣ፤ የውሃ ማጣሪያ ገጠምን። ጉድጓዶቹ ግን በሁለተኛውም ቀን ወጡ። በመጨረሻ የታወቀው ሌላ ነገር ነው፦ ተላላኪው ልጅ በሩን አቧራ እንዲያነሳ ሲታዘዝ ጨርቁን ቤንዚን አስነክቶት ነበር። ቤንዚን ያጸዳ ይመስላል፤ ሲተን ግን የቅባት ሽፋን ይተዋል። በሩ ተፍቆ በማጽጃ ፈሳሽና በሁለት ጨርቅ፣ አንዱ እርጥብ አንዱ ደረቅ፣ ተወልውሎ እንደገና ተረጨ። የአየሩ ስስነት ቲነሩንም ቶሎ ስለሚያተን በዝግታ የሚተነውን ዓይነት መርጠን፣ መርጫውንም ወደ ላሜራው ትንሽ ቀረብ አድርገን ነበር የሠራነው።

ውሃ ወደዚህች መኪና የተመለሰው በመጨረሻው ብቻ ነው። ፕራይመሩ ሁሉን ሸፍኖ ከደረቀ በኋላ በ600 ቁጥር በውሃ ተፈገፈገ፤ የታችኛው ስቱኮ ብቅ ያለበት አንድ ጠርዝ ግን ስለተገኘ ወዲያው ቆሞ፣ ደርቆ፣ ፕራይመር ተጨመረበት። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ባለቤቱ በመረጡት የፋብሪካው ሰማያዊ በአንድ ረፋድ ተቀባች። ዝግጅቱ 14 ሳምንት ያህል ወስዶ ነበር።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም፣ ባለቤቱ ራሳቸው እየነዱ መጡ። ቀደም ሲል በጠመኔ የተከበቡት ቦታዎች ሁሉ፣ ያ 9 ሚሊ ሜትር የወጣበት ፓራፋንጎ ጭምር፣ ንጹሕ ነበሩ። ከመኪናው ወርደው ወደ ቀኙ የኋላ መስኮት ግርጌ ብቻ በጣታቸው አሳዩኝ። አንዲት የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ነበረች። በምላጭ ስከፍታት ከሥሯ ቀይ ዝገት አልነበረም፤ ኢፖክሲው ለስላሳ ሆኖ እንደ ሰም ይጫናል፣ ብረቱ ላይ ደግሞ ግራጫ ዱቄት አለ። መምህሩ ጣታቸውን በምራቃቸው አርጥበው ዱቄቱን ነኩና ከኪሳቸው ያንኑ ወረቀት አወጡ። ቀላ።

ቦታውን እስከ ብረት ፋቅሁት፣ አጠብሁት፣ ወረቀቱ ሰማያዊ እስኪሆን ጠበቅሁ፣ ኢፖክሲ ቀባሁት። በዚያ ቀን ሰማያዊው ቀለም አልነበረንምና «ሲገኝ እመለሳለሁ፤ እስከዚያው ግራጫ ይሁን» ብለው ሄዱ።